«ተመስገን» ማለትና ሕመምን መናገር አይጣሉም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የዛሬ 26 ዓመት፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ተነገረኝ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ ኢንሱሊን እየተወጋሁ የምኖር መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ የታመመ ሰው ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ከአፉ የማይለየው «ተመስገን በል፣ የባሰ አታምጣ በል» የሚል ምክር ነው። ምክሩን አልነቅፍም፤ ማመስገንን ባልማር ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ተስፋ ሳልቆርጥ መዝለቄን እጠራጠራለሁ። ነገር ግን ምስጋና የሕመምተኛ አፍ መዝጊያ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል በገዛ እግሬ አይቼዋለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት በክትትል ቀኔ ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለኝ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ብዬ መለስሁ። እግሮቼ መደንዘዝ ከጀመሩ ወራት አልፈው ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ፍም እንደ ረገጠ ሰው ያቃጥሉኝ ነበር። አልተናገርሁም። ከጎኔ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሽማግሌ ዓይናቸው ጠፍቶ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ስለነበር፣ የእኔን ማቃጠል ማንሣት ፈጣሪን ማማረር መስሎ ተሰማኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሳስተምር ውዬ ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ በደም ርሷል፤ ጫማውን ሳራግፈው የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ወለሉ ላይ ወደቀች። ስረግጣት ውዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰማችኝም። ቁስሉ አመርቅዞ በመጨረሻ የግራ እግሬ ትንሿ ጣት ተቆረጠች። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቭ እንደሚጎዳና ስሜት የጠፋበት እግር ቁስሉን እንደማያውቅ አስቀድሞ ተነግሮኝ ነበር። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉትም ቢሆን ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው ነው። ያን ዕለት ግን ሕመሜን የደበቅሁት በምስጋና ስም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማመሰግንበት መንገድ ተለወጠ። የስኳሬን መጠን በየቀኑ በምመዘግብበት ደብተር ላይ፣ ከቁጥሩ ጎን በዕለቱ ያመሰገንሁበትን አንድ ነገር እጽፋለሁ። «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» ብሎ በጥቅሉ ማለፍን ለራሴ ከልክያለሁ፤ ማን ምን እንዳደረገልኝ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ለምሳሌ ባለፈው የካቲት በአንዱ ገጽ ላይ «64» የሚል ቁጥር አለ። ያን ዕለት ታክሲ ውስጥ ሳለሁ ስኳሬ ወርዶ ላብ አጠመቀኝ፤ ከኪሴ ያወጣኋትን ከረሜላ እጄ እየተንቀጠቀጠ ልጣጯን መፍታት አቃተኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ምንም ሳይጠይቁ ተቀብለው ፈቱና አፌ ውስጥ አደረጉልኝ። ከቁጥሩ ጎን «ከረሜላዬን የፈቱልኝ እናት» የሚል ተጽፏል። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ስኳሬ ከልክ በላይ ወጥቶ 212 ነበር፤ ያም ተጽፏል። የጻፍሁት ምስጋና 212ን ወደ 120 አያወርደውም፣ 212ም ምስጋናውን ሐሰት አያደርገውም፤ ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ አሉ።

ወደ ኋላ ሄጄ የማመሰግንበትም ብዙ ነው። ያደግሁት መብራት በሌለበት በጎጃም ገጠር ስለሆነ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር፤ ኢንሱሊኑ በሙቀት እንዳይበላሽ እናቴ ብልቃጡን በትንሽ ማሰሮ ከታ፣ ማሰሮዋን እርጥብ አሸዋ በያዘ ትልቅ ገንቦ ውስጥ ታስቀምጥልኝ፣ ጠዋትና ማታም አሸዋውን ውኃ ታጠጣው ነበር። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ እንደሚሄድ ያወቅሁት ኋላ ትምህርት ቤት ነው፤ እሷ ግን ብልቃጡን እየዳሰሰች ታውቀው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰንም እኔ በታመምሁበት ዕድሜ፣ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከእሱ በፊት እንደኔ የታመመ ልጅ ምግቡ እየተቀነሰ ሞቱ ትንሽ ከመዘግየት በቀር ተስፋ አልነበረውም። ኢንሱሊንን ለሕክምና ያበቁት ተመራማሪዎች ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የግኝታቸውን መብት ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር አስተላለፉ። መርፌውን ስወጋ እነዚህን ሰዎች የማስብባቸው ቀኖች አሉ።

መድኃኒቱ ከፋርማሲ ሲጠፋ ወይም የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ዋጋ ከመምህር ደመወዝ ጋር አልመጣጠን ሲል ግን በግልጽ አቤት እላለሁ፤ ይህን ማለቴ ምስጋና ቢስ እንደማያደርገኝ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ጠያቂ ወገኖቼን የምለምነው ሕመምተኛው ስለ ሕመሙ መናገር ሲጀምር «ተመስገን በል» ብለው እንዳያቋርጡት ነው፤ ይጨርስ፣ ከዚያ አብረን እናመሰግናለን። የጤና ባለሙያዎችም በአገራችን «እንዴት ነህ?» ለሚል ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሰላምታ እንጂ የጤና መረጃ አለመሆኑን እንዲያስቡልን እጠይቃለሁ። አሁን የምታየኝ ነርስ «ደህና ነዎት ወይ?» አትለኝም። ገና ሳልቀመጥ «ካልሲዎን ያውልቁ» ትለኛለች፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ የቀሩትን ዘጠኝ ጣቶቼን አንድ በአንድ ትነካካለች። በደብተሬ ላይ ከማንም በላይ ተደጋግማ የተጻፈችው እሷ ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስኳር ሕመምተኛ መምህር
ከአዲስ አበባ