«ተቀበል!» ሲባል የሚሰማ ይኑር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጋዜጣችሁ ስለ አዝማሪዎች ሲጻፍ አያመልጠኝም። ስለ ማሲንቆው ይጻፋል፣ ስለ ድምፃቸው ይጻፋል፣ ወጣቱ ሙያውን አልወርስም ስለማለቱም ይጻፋል። ስለ አዝማሪ ጆሮ የጻፈ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔን ብዕር ያስነሳኝ እሱ ነው።

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እጠልፋለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ግጥምም እገጥማለሁ። ያሳተምኩት መጽሐፍ የለም፤ ግጥሜ ለሰው የሚደርሰው በአንድ ማሲንቆ መቺ ጓደኛዬ አፍ ነው። በሦስት ዓመት ስለሚበልጠኝ «አያ» እለዋለሁ፤ እሱ «እታለም» ይለኛል። ስሙን እንዳላወጣ ስለለመነኝ በዚሁ ይበቃል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ነውና ዓይኑ ገና ከእንቅልፍ አልተላቀቀም። ክረምት ከሆነ ማሲንቆውን ከከረጢቱ አውጥቶ በመጀመሪያ ወደ ከሰሉ ያስጠጋዋል፤ እርጥበቱ ቆዳውን ስለሚያላላው ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ መዳፉን ቆዳው ላይ አሳርፎ፣ በጣቱ ጫፍ መታ መታ እያደረገ፣ ጆሮውን ጠጋ ያደርጋል። እናት የታመመ ልጇን ግንባር ስትዳስስ ያየ ሰው ያን አኳኋን ያውቀዋል። ሞቅ ማለቱን ሲያረጋግጥ የደጋኑን የፈረስ ጭራ ሙጫ ያስነካዋል። እኔ ቡና አፈላለሁ። አቦል እስኪጠጣ አንነጋገርም። ማንም የደነገገው ሕግ የለም፣ እንዲሁ ልማድ ሆነብን።

የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ነው። አንድ ቀን፣ ሦስት ሳምንት የደከምኩበትን የአንገት ጥልፍ ደንበኛዬ «መስቀሉ አነሰ» ብላ ጥላብኝ ሄዳለች። ለማንም አልተናገርኩም። አያ ደጃፉን ሳያልፍ ቆም አለና «እታለም፣ ማን አስቆጣሽ? መኪናሽ ይጣደፋል» አለኝ። ፊቴን ገና አላየም ነበር። የሰማው የእግሬን ነው። እኔ ጓደኝነት የምለው ይህንን ነው፤ ከእሱ ጋር ግጥም ለመሥራት ያስቻለኝም ይኸው ነው።

ስንሠራ እንዲህ ነው። እኔ እየጠለፍኩ አንድ ስንኝ እጥላለሁ። እሱ ወዲያው አያነሳውም። ዝም ብሎ ይቆይና «ይህ ለዓይን የተገጠመ ነው፣ ለጆሮ አይሆንም» ይላል፤ ወይም ሳይናገር ክሩን ማጥበቅ ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ግጥሙ እንዳለፈ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ይህችን ሰጠሁት፦

ጠበበኝ ቀሚሴ አላራምድ አለኝ፣
ሰፊ ሰው ፈልጉ በአገሩ ካለልኝ።

«ሰፊ» ሲላላ እንደኔ መርፌ ይዞ የሚውል ሰው ነው፤ ሰሙ እዚያ ነው። ሲጠብቅ ግን ሆደ ሰፊ፣ ሰውን የሚችል፣ የጠበበው ሰው የሚያርፍበት ሰው ይሆናል። በወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም። የሚለየው አፍ ነው፣ የሚለየው ጆሮ ነው። እኔ አጥብቄ ነበር ያነበብኩለት። አያ «አጥብቀሽ ከጀመርሽ ሰሙ ይሞታል፣ አላልተሽ ከተውሽው ወርቁ ተቀብሮ ይቀራል» አለኝና እሱ ያገኘውን መንገድ አሳየኝ፦ መጀመሪያ ሲያዜመው ያላላዋል፣ ሰዉ ስለ ቀሚስ መስሎት ፈገግ ይላል፤ ሲደግመው በዚያች አንዲት ፊደል ላይ ብቻ ደጋኑን ገታ ያደርግና ያጠብቃታል። ያን ጊዜ ቤቱ ዝም ይላል። ግጥሙ የእኔ ነው ብዬ ነበር፤ ከዚያች ቀን ወዲህ የሁለታችን ነው እላለሁ፣ ስናገረውም ደስ ይለኛል።

እኔም እሱን መስማት ተምሬያለሁ። ወንድሙ ያረፈ ጊዜ እስከ አርባው ድረስ ማሲንቆ አልነካም። በየጠዋቱ ግን ይመጣ ነበር፤ ቡናውን ጠጥቶ፣ መኪናዬ ሲሄድ አዳምጦ ይመለሳል። እኔም የሚናገር እስኪሆን ድረስ አልተናገርኩትም። አንድ ጠዋት ማሲንቆውን ይዞ መጣና ትዝታ መታ፣ ቃል የሌለበት። ለእሱ መስማት ማለት መኪናዬን አለማቆም መስሎ ስለታየኝ ስፌቴን ቀጠልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ።

የጎንደር ጥምቀት ምን እንደሚመስል ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓሉ በዩኔስኮ ከመመዝገቡ በፊትም ከተመዘገበ በኋላም፣ ጥር ሲገባ ከተማችን በእንግዳ ትጥለቀለቃለች። ባለፈው ጥር በቃና ዘገሊላ ማታ አያ ከሚሠራበት ቤት ሄጄ ነበር። ቤቱን አልጠራውም፤ ብዙ ቤቶች እንዲሁ ናቸውና። ከአዝማሪው እስከ መጨረሻው ወንበር አሥራ አምስት እርምጃ አይሞላም። በዚያች ክፍል ውስጥ ቁመታቸው ሰው የሚያክል ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ቆመዋል። ማሲንቆው ላይ ማይክሮፎን ተጣብቋል። ኪቦርድ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል።

ከኋላ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተነሡና እጃቸውን ዘርግተው «ተቀበል!» አሉ።

ለማያውቅ ወጣት ልንገር፦ «ተቀበል» ማለት ትእዛዝ አይደለም፣ አደራ ነው። አድማጩ ከራሱ ልብ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው በአድማጩ ፈንታ በዜማ ይለዋል። ሰውዬው ለብቻው ሊናገረው ያልቻለውን ነገር ሰው ፊት የሚያወጣለት አዝማሪው ነው። ከአድማጭ እጅ ግጥም ተቀብሎ ወዲያው መልሶ የሚሰጥ ጥበብ በእጃችን እያለ ሙያውን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ሳገኝ ያመኛል። «አዝማሪ» የሚለው ቃልና «መዝሙር» የሚለው ቃል የአንድ ግስ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከ«ዘመረ» የወጡ ናቸው።

አያ «እሺ ጌታዬ፣ ልቀበል» ብሎ ጎንበስ አለ። ሽማግሌው ተናገሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቃላቸው ግን ለእኔም አልደረሰኝ፣ ለአያም አልደረሰው። ደጋን የያዘ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ እንዲደግሙለት ለመናቸው። ደገሙ። አልተሰማም። ሦስተኛ ሊሉ ሲሉ ከፊት የተቀመጡት ወጣቶች «ይለፍ! ይለፍ!» ብለው አጨበጨቡ፣ ኪቦርዱም ገባ። አያ የያዛት አንዲት ቃል ነበረች፤ በእሷ ላይ የተለመደ የጀግና ስንኝ ገጥሞ አዜመላቸው። ቤቱ እልል አለ። ሽማግሌው ተቀመጡና ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

እረፍት ሲሆን አያ ማይክሮፎኑን ነቅሎ ማሲንቆውን ይዞ ወጣ። ተከተልኩት። ሽማግሌው በር ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር፤ የጥር ብርድ እንደምታውቁት ነው። «አባቴ፣ አልሰማሁዎትም ነበር፤ ይንገሩኝ» አላቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ «ተወው ልጄ፣ አለፈ» አሉ። አያ አልሄደም። ቆመን ቆየን። ከዚያ ተናገሩ፤ ግጥሙ ለባለቤታቸው ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ አብረው ኖረው በዚያው ዓመት ነው ያጧቸው። አያ ሁለት ጊዜ አዜመላቸው፤ መንገድ ላይ ከእኔና ከአንድ ዘበኛ በቀር ሰሚ አልነበረም። ሲደግመው ማጥበቅ ያለበትን አጠበቀ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ግጥሙን እዚህ አልጽፈውም፣ የእሳቸው ነው።

እነሆ ለቤት ባለቤቶች ያለኝ ልመና። ድምፅ ማጉያውን ጣሉት አላልኩም። እስክስታው ሲደራ ሰው ደምቆ መጫወት ይፈልጋል፤ ይሁን። የጎረቤት ቤት ጮክ ሲያደርግ የእናንተ ዝም ቢል ደንበኛ እንደሚሸሽ ስትነግሩኝ ሰምቻለሁ፣ ስጋታችሁም ይገባኛል። ነገር ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ሰው ገና እየገባ ሳለ፣ ማጉያውን አጥፉት። ማሲንቆ ያለ ኤሌክትሪክ አሥራ አምስት እርምጃ የሚሰማ መሣሪያ ነው። ያቺ አንዲት ሰዓት «ተቀበል» የሚባልባት ትሁን።

ጎንደር ደግሞ መስማትን ከሌላ የምትማር ከተማ አይደለችም። በአቋቋም፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የማኅሌት ሥርዓት ትምህርት፣ ስሟ የታወቀ ነው። ማኅሌት ላይ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ሲቆሙ አንዱ ወገን ሌላው ያደረሰውን ሰምቶ ነው የሚቀበለው፤ ካልሰማ የት እንደሚገባ አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ እንዲያ የሚደማመጥ አገር ማታ አንድ ሽማግሌ የሚለውን አልሰማም ማለቱ አንገቴን ያስደፋኛል።

ለአድማጭም አንድ ነገር አለኝ። ስልካችሁን አንሥታችሁ ስትቀርጹ አዝማሪው ፊታችሁን አያይም። የሚቀጥለውን ስንኝ የሚያገኘው ከፊታችሁ ነው፤ ማን እንዳዘነ፣ ማን እንደተጣላ፣ ማን ሊናገር ፈልጎ እንደፈራ እያየ ነው የሚገጥመው። ለአንድ ዘፈን ያህል ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት።

እኔና አያ የምንችለውን ጀምረናል። ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሥራ ክፍሌ ክፍት ናት። ወንበር ስድስት አለኝ፣ አራት ከጎረቤት እዋሳለሁ፤ የተረፈ ሰው ጨርቅ ክምሩ ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ሐሙስ ሰባት ሰው መጣ። አንዷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ «ተቀበል» ለማለት አፍራ በወረቀት ጽፋ ለአያ ሰጠችው። ወረቀቱን መለሰላትና «በአፍሽ ንገሪኝ፣ የምታጠብቂውን አላውቅም» አላት። ነገረችው። በዚህ ሐሙስ እንደምትመጣ ነግራኛለች፤ ቡናው ይፈላል፣ መኪናዬንም አቆማለሁ።

ጥልፍ ጠላፊዋ
ከጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ