ደብልዩ ይቆጠራል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያለ ወገናችን ልጁን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሲያስገባ፣ ወይም ራሱ ከሥራ በኋላ ሲመዘገብ፣ ደጋግሞ የሚሰማው ምክር አለ። «ከከበደህ ዊዝድሮው አድርግ፤ ደብልዩ ጂፒኤ አይነካም፣ ዕዳው ገብስ ነው» ይሉታል። ደብልዩ፣ ማለትም ኮርሱን በመሐል ለተወ ተማሪ በውጤት መዝገቡ (ትራንስክሪፕቱ) ላይ የሚጻፈው W፣ ጂፒኤን (የውጤት አማካዩን) አለመንካቱ እውነት ነው። ነገር ግን ተማሪው የፔል ግራንቱን፣ ማለትም የፌዴራሉን የማይመለስ የትምህርት እርዳታ፣ የሚያጣው በዚሁ ደብልዩ ሊሆን ስለሚችል ይህን ደብዳቤ እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባ ወላጅ የሚያውቀው ዋርኒንግም ሆነ ዲስሚሳል በጂፒኤ ሲወሰን ነው። ልጁ 3.5 ካመጣ ምን ያሰጋዋል? እዚህ አገር ግን ተማሪው በሁለት ሚዛን ይመዘናል። አንደኛው የኮሌጁ የራሱ ደንብ ነው፤ ጂፒኤ ሲወርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.0 በታች ሲሆን፣ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ቀጥሎ ፕሮቤሽን፣ ከዚያም እገዳ። ዝርዝሩ በየኮሌጁ ካታሎግ ይለያያል። ሁለተኛው ሚዛን የፌዴራሉ መንግሥት የትምህርት እርዳታ ለሚቀበል ተማሪ ያወጣው ነው፤ ተማሪዎቹ ባጭሩ «ሳፕ» (Satisfactory Academic Progress፣ አጥጋቢ የትምህርት እድገት) ይሉታል። በዚህኛው ከጂፒኤ ሌላ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። ተማሪው ከተመዘገበበት ክሬዲት ስንቱን አለፈ? ዲግሪው ከሚጠይቀው ክሬዲት አንድ ተኩል እጥፍ ሳይሞላ መጨረስስ ይችላል? የ60 ክሬዲት አሶሺዬት ዲግሪ ከሆነ ጣሪያው 90 ነው። 60 ለ90 ሲካፈል 67 ከመቶ ገደማ ስለሚሆን፣ ኮሌጆች በአብዛኛው የሚጠይቁት የማለፊያ መጠንም ይኸው ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። አንዲት ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር 12 ክሬዲት ወሰደችና ባለ 3 ክሬዲቱን ሒሳብ በደብልዩ ተወችው። 9 ከ12፣ ማለትም 75 ከመቶ፤ ምንም አልሆነችም። በሁለተኛው ሴሚስተር እንደገና 12 ወስዳ ሥራ ሲበዛባት ሁለት ኮርስ ተወች። ድምሩ 15 ከ24 ሆነ፣ 62.5 ከመቶ። የጨረሰቻቸው ሁሉ ኤ ቢሆኑ፣ ጂፒኤዋም 4.0 ቢሆን፣ ከመስመሩ በታች ናት። በየሴሚስተሩ የሚያጣራ ኮሌጅ ለአንድ ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እርዳታውን ሊያስቀጥልላት ይችላል። በሦስተኛው 12ቱንም ካለፈች 27 ከ36፣ 75 ከመቶ ደርሳ ትድናለች። አንድ ኮርስ ብቻ ደግማ ብትተው ግን 24 ከ36 ይሆናል፣ 66.67 ከመቶ መሆኑ ነው፤ ኮሌጁ ቁጥሩን ወደ ላይ የሚያጠጋጋ ከሆነ ታልፋለች፣ 67 ሙሉ የሚል ከሆነ ትወድቃለች። በመጀመሪያው ሴሚስተር 12ቱንም ያበላሸ ተማሪ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ላይ ለመድረስ ብቻ 24 ክሬዲት በተከታታይ ማለፍ አለበት፤ አንድ ሙሉ ዓመት መሆኑ ነው።

በዚህ የማለፊያ ሂሳብ ኤፍና ያልተጠናቀቀ ኮርስም እንደ ደብልዩ ይቆጠራሉ። የተደገመ ኮርስም በተመዘገበበት ድምር ላይ እንደገና ይገባል። ከሌላ ኮሌጅ ወይም ከኢትዮጵያ ተገምግሞ ተቀባይነት ያገኘ ክሬዲት በተመዘገበውም በታለፈውም በኩል ይደመራል፤ የማለፊያውን መጠን ያሻሽላል፣ ወደ 90ው ጣሪያ ግን ያቀርባል። ነርሲንግ የሚጠብቁ ልጆች በተለይ ይህን ይስሙ። ቅበላው እስኪመጣ 12 ክሬዲት ለመሙላት ከፕሮግራሙ ውጭ የሚወሰድ ኮርስ እርዳታ አይከፈልበትም፣ ጣሪያውን ግን ይበላል። እርዳታው የሚቆመው ደግሞ 90ው ሲሞላ አይደለም፤ በ90 ውስጥ መጨረስ እንደማይቻል በሂሳብ የታወቀ ዕለት ነው።

ከደብልዩ የባሰው ዝም ብሎ መቅረት ነው። የ15 ሳምንት ሴሚስተር 60 ከመቶው ዘጠነኛው ሳምንት ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሁሉንም ኮርስ የተወ ተማሪ «ያልሠራበት» የእርዳታ ገንዘብ ተሰልቶ ይመለሳል፤ ኮሌጁ የመለሰውንም ከተማሪው ሊጠይቅ ይችላል። ሳያስታውቅ ቀርቶ ሁሉም ኤፍ ከመጣ፣ ኮሌጁ በመሐል እንደሄደ ቆጥሮ የመጨረሻ የተገኘበትን ቀን ይፈልጋል። ዕዳው እስኪከፈል ምዝገባ ሊዘጋ ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ድሮፕና ዊዝድሮው አንድ አይደሉም። በድሮፕ ጊዜ ውስጥ የተተወ ኮርስ ትራንስክሪፕት ላይ አይወጣም፣ ብዙውን ጊዜም ክፍያው ይመለሳል። ቀኑ ግን በጣም ቅርብ ነው፣ የ7 ሳምንት ኮርስ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከዚያ ካለፈ፣ የዊዝድሮውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት አድቫይዘር ብቻ ሳይሆን የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውንም «ይህን ብተው መቶኛዬ ስንት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው 6 ክሬዲት ይውሰድ። ከ2024–25 ጀምሮ ፔል ግራንት በተመዘገቡበት ክሬዲት ልክ ስለሚሰላ፣ 6 የወሰደ የሙሉ ጊዜውን ግማሽ፣ 9 የወሰደ 75 ከመቶውን ያገኛል። ሁለት ኮርስ ጀምሮ ሁለቱን የጨረሰ 100 ከመቶ ነው፤ አራት ጀምሮ ሁለት የጨረሰ 50።

እርዳታው ከተቋረጠ፣ ኮሌጁ አፒል (ይግባኝ) የሚቀበል ከሆነ፣ መንገዱ እሱ ነው። አንድ ሴሚስተር ቤት መቀመጥ ወይም ከኪስ መክፈል ብቻውን ነገሩን አያስተካክልም፤ ቁጥሩ ካልተመለሰ እርዳታው አይመለስም። ደንቡ የተማሪውን ሕመም ወይም ጉዳት፣ የዘመድ ሞትና ሌላ ልዩ ችግር ይቀበላል። ደብዳቤው ሁለት ነገር መመለስ አለበት፦ ለምን እንደወደቀ፣ አሁን ምን እንደተለወጠ። የእኛ ሰው የመጀመሪያውን አምርሮ ይጽፋል፣ ሁለተኛውን ይረሳዋል፤ አፒል የሚወድቀውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። «ከአሁን በኋላ ጠንክሬ እማራለሁ» ለውጥ አይደለም። «ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን ተዛውሬያለሁ፣ ይኸው የአሠሪዬ ደብዳቤ፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር የምወስደው 6 ክሬዲት ብቻ ነው» ለውጥ ነው። ለቅሶ አገር ቤት ከሆነ የሞት ምስክር ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ዝምድናውን ከሚያሳይ ማስረጃ ጋር ይያያዝ። አንድ ገጽ ይበቃል።

ወላጆች አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጁ ኮሌጅ ከገባ በ1974 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት የትምህርት መዝገቡ ላይ መብቱ የራሱ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው በልጁ የኮሌጅ ኢሜይል ነው፤ ኮሌጁ እናንተን የመጥራት ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ሴሚስተር ሲያልቅ ከጂፒኤው ጋር «ስንት ተመዝግበህ ስንት አለፍክ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። በነሐሴ መጨረሻና በጥር፣ የሞንትጎመሪ ኮሌጅንና የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅን የድሮፕና የዊዝድሮው የመጨረሻ ቀኖች ከካሌንደራቸው ወስዳችሁ በጋዜጣችሁ አንድ ጥግ ላይ ብታትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
የኮሌጅ ተማሪዎች አማካሪ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ