ሲቪያችን ላይ ያልሠራነውን የሚጽፍ መሣሪያ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራ መፈለግ ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ጠዋት አራት ኪሎ የተለጠፉ ማስታወቂያዎችን አነባለሁ። ከሰዓት ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ሲቪዬን እንደየማስታወቂያው አስተካክላለሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሲቪ አዘጋጅ ድረ ገጽ «ነፃ» ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሞልቼ ላወርደው ስል በዶላር ክፈል አለኝ። በዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት አመጣለሁ? ሁለተኛው ባሰ። እኔ የሠራሁት ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ብቻ ነው። ማስታወቂያውን ሳስገባለት ግን «ኤስኤፒ ይችላል» ብሎ ሌላ፣ የትልልቅ ድርጅቶች ሶፍትዌር ጨመረልኝ። ሳላየው ላክሁት። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ እሱ ሲጠይቁኝ በላብ ተጠመቅሁ። ሥራው ቀረ።

አሁን ቻትጂፒቲ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ የምጠቀመው የራሴን ዓረፍተ ነገር እንዲያሳጥርልኝና ከማስታወቂያው ያመለጠኝን እንዲያሳየኝ ብቻ ነው። ያውም ስልክ ቁጥሬንና አድራሻዬን ከውስጡ አውጥቼ። የመጨረሻውን በዎርድ፣ በአንድ ዓምድ እጽፈዋለሁ፤ ባለ ሁለት ዓምዱን አንዳንድ የቅጥር ሶፍትዌሮች አዘበራርቀው ያነቡታል።

እባካችሁ፣ ከሥራ ማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ ለዚህ ጉዳይ ትንሽ ቦታ ስጡ። አጠገቤ የሚቀመጡት አዲስ ተመራቂዎች መሣሪያው የጻፈላቸውን ሳያነቡ ሲልኩ በየቀኑ አያለሁ። በጣም ያሳስበኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ