ሳፋውን ከእጁ አትውሰጂበት

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሹ ጥርስ አበቀለ፣ ሁለት ከታች። ትልቋ ደግሞ ስሟን ሳትሳሳት መጻፍ ጀምራለች።

እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከሳቢያን ደቻቱ በባጃጅ ስንት ደቂቃ ሆኖ ነው ደብዳቤ የጻፈችልኝ ትይ ይሆናል። ፊት ለፊት ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ተይው ልጄ፣ ቻይው» ብለሽ ቡና ልታፈይ ተነሣሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን አንብቢው። ለአባዬ ላንብብለት ካልሽ ግን አልከለክልሽም።

ብዕር ያስያዘኝ የማክሰኞ ማታው ነገር ነው። እራት በልተን ጨረስን። ባለቤቴ የበላንበትን ሳህን አንሥቶ ወደ ማድ ቤት ሊሄድ ሲል ልጅቷ ከወንበሯ ዘላ ወረደች። ሳህኑን ከእጁ ያዘች። «ተው አባዬ፣ እኔ እያለሁ!» አለችው። ስድስት ዓመቷ ነው እማዬ። ሳህኑ ከደረቷ ይሰፋል። የተረፈው ወጥ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። እሱ ሳቀና «ጎበዝ የኔ እመቤት» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። አነጋገሯ ያንቺ ነበር። «እኔ እያለሁ» ስትል አንገቷን ያዘነበለችው እንኳን ልክ እንዳንቺ ነው።

ከየት እንደለመደችው አንቺም ታውቂዋለሽ። አራስ ሳለሁ ሁለት ወር እኔ ጋ ተቀመጥሽ። ያንን ውለታሽን በምን እንደምመልሰው አላውቅም። ገንፎው፣ ሌሊት ሕፃኑን ይዘሽ መቆምሽ፣ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈሽ መተኛትሽ፣ አንዱም አልጠፋኝም። የምነግርሽ ግን የዚያ እሑድ ጠዋቱን ነው።

ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሕፃኑን ጨርቅ እያጠበ ነበር። ማንም አላዘዘውም። ሳሙናውን ደጋግሞ ያሻል፤ የኛ ውሃ መቼ ቶሎ አረፋ ይሰጣል። እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሏል። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ቆሻሻው ለቆ እንደሆነ ያያል፣ መልሶ ይነክረዋል። እኔ በመስኮት አየዋለሁ። ስንጋባ ያሰብኩት ትዳር ይሄ ነው ብዬ ነበር በልቤ። አንቺ ከቤት ወጣሽ። «ምነው! እኔ እያለሁ? ሰው ምን ይለኛል?» ብለሽ ሳፋውን ከፊቱ ጎተትሽ። ተነሣ። እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ግቢው መሐል ትንሽ ቆመ፣ የሚሄድበት እንደጠፋው ሰው። ከዚያ ስልኩን ይዞ ጓደኞቹ ጋ በርጫ ሄደ።

ይኸው ስምንት ወር ሊሆነው ነው። ሳፋ ነክቶ አያውቅም።

ጥፋቱ ያንቺ ብቻ ነው አልልም። እሱም ትልቅ ሰው ነው፤ መልሶ መያዝ ይችል ነበር። ሰበብ አገኘና ተገላገለ። ይህንንም ነግሬዋለሁ፣ ተጨቃጭቀናልም። አሁን አንድ ነገር ሥራ ስለው ግን «እናትሽ እንኳን አይወዱም» ይለኛል። በዚህ ስምንት ወር ከማንኛውም ንግግር በላይ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የራሴ እናት በእኔ ላይ ምስክር ሆነችበት።

ውሃው አሁንም የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ረቡዕና ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ያንን ድምፅ ስሰማ ከእንቅልፌ እነሣለሁ። ጀሪካኖቹን እሞላለሁ፣ ከዚያ በርሜሉን። አሥር ሰዓት ላይ ሕፃኑ ይነቃል፣ አጠባዋለሁ። ነግቶ ሊጡን አያለሁ፣ ልጅቷን አለብሳለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ከሥራ ስመለስ ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ ምጣድ እጥዳለሁ። እሱ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ በድርጅቱም ይለፋል። ግን እሱ ከሥራ ሲመጣ ወደ ዕረፍት ነው የሚመጣው። እኔ ከሥራ ስመጣ ወደ ሥራ ነው።

ደግሞ ከእጄ ይልቅ የሚደክመው ጭንቅላቴ ነው። ዱቄት መቼ እንደሚያልቅ፣ የትንሹ የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባት መቼ እንደሚደርስ፣ የልጅቷ ጫማ እንደጠበባት፣ የዕድር ብር መከፈል እንዳለበት የማስታውሰው እኔ ነኝ። እሱ «ንገሪኝ እንጂ፣ መቼ እምቢ አልኩ» ይላል። እውነቱን ነው፣ እምቢ አይልም። ግን ሁሌ አስቦ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው እኔ ነኝ።

እንደዚህ ሆኜ ነው በጠዋት ስልክሽ የሚደወለው። እማዬ፣ ድምፅሽን ሳልሰማ ብውል ቅር ይለኛል። ምክርሽን ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ልብ ብዬ አዳመጥኩት። «ቻይ»። «ዝም በይ»። «ቀድመሽ ተነሺ»። «ፊትሽን አታጥቁሪበት»። «ቤትሽን አሙቂ»። አንድ ቀን እንኳን «ቻል» ስትይ አልሰማሁም። «ተነሥ» ስትይ አልሰማሁም። ምክሩ ሁሉ ለሴት ነው የተነገረው። ለእሱ ስልኩን ስሰጠው «እንዴት ነህ የኔ ጌታ፣ በላህ ወይ?» ብለሽ ትመርቂዋለሽ፣ በቃ።

የጎረቤቶቹስ ምክር ይቅር። ቡና ላይ ሁሉም መካሪ ነው። አንዷ ባለፈው «ባልሽ ከስቷል፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አለችኝ። እኔ መክሳቴን ያየ የለም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ልላት ነበር፤ ከአንቺ የሰማሁት ተረት ነውና። ግን ዝም አልኩ። የእነሱ ነገር በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ያንቺ ነው አልወጣ የሚለኝ።

የምሠራው መዝገብ ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የባልና ሚስት መዝገብ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። አንድ ቀን ሥራ ቀዝቀዝ ሲል የድሮውን ሕግ አወጣሁና አነበብኩት፣ አንቺ በ1974 ስታገቢ ይሠራበት የነበረውን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ይላል። አንቀጽ 646 ደግሞ ባልየው ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ መሥራት አለባት ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ ታየሽኝ። በወገብሽ ልጅ አዝለሽ፣ በእጅሽ ጀሪካን ይዘሽ። አባዬ ሠራተኛ የሚቀጥርበት ደመወዝ መቼ ነበረው? ለካስ ያ ሁሉ ሌሊት በሕግ የተጻፈ ነበር።

በ1992 ያ ተለወጠ። አሁን አዲስ አበባና እዚህ ድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አንቀጽ 50፣ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አመራር እኩል ናቸው ይላል። እኔ ያገባሁት በዚህኛው ነው። እርግጥ ሕጉም ገና ብዙ ይቀረዋል። እኔ ስወልድ የአራት ወር ፈቃድ አገኘሁ፤ ለእሱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሰጠው ሦስት ቀን ነው። በሦስት ቀን ልጅ መያዝ ማን ይለምዳል? በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። የተማረው ነገር ቢኖር እንዴት ጨርቅ እንደሚታጠብ ነበር፣ እሱንም ያን እሑድ ተወው።

«ወንድ ልጅ አልተፈጠረበትም» ትይኛለሽ። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁት አለ። የደቻቱ ወንዝ የሞላ ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሐምሌ 29 ለ30፣ 1998፣ የቅዳሜ ሌሊት። ያን ሌሊት ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እኛ በሕይወት ተረፍን፤ ቤታችን ግን እስከ መስኮቱ ጭቃ ሆነ። አንቺ ከለቅሶ ለቅሶ ትሄጂ ነበር፣ የስንቱን ጎረቤት አስከሬን ስትጠብቂ። ቤት የቀረው አባዬ ነው። ጭቃውን በአካፋ አወጣ። ከዚያ ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ በበርሜል ውሃ አጠበ። ድስቶቹን በአመድ ፈተገ። በሦስት ድንጋይ ላይ ሩዝ ቀቀለልን፤ ጨው በዝቶበት ነበር፣ ግን ሁላችንም በላን። ፀጉሬን እንኳን ሊሠራልኝ ሞክሯል፣ በዚያ ሻካራ የባቡር ሠራተኛ እጁ።

ሁለት ሳምንት እንደዚያ ኖረ። አንድም ሰው አልሳቀበትም። ምንም አልጎደለበትም። እንዲያውም ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ቀርቤው አላውቅም። ከዚያ ግድግዳው ደረቀ፣ አንቺም ከለቅሶ ተመለስሽ። በመጀመሪያው ማታ ድስቱን ከእጁ ወሰድሽ። አስታውሳለሁ፣ «በቃ ደከምክ፣ እኔ እያለሁ» አልሽው። ከፍቅር ነው ያልሽው። አሁንም ከፍቅር ነው የምትዪው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ቁጭ አለ፣ አንቺም አልተቀመጥሽም።

ዛሬ ስልሳ ስድስት ዓመትሽ ነው። ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት እምቢ ብሎሻል። አሁንም ሌሊት እየተነሣሽ በርሜል ትሞያለሽ፣ አባዬ ጡረታ ወጥቶ ተኝቶ እያለ። ባለፈው ወር እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ የወደቅሽውን ለእኔ አልነገርሽኝም፤ ከወንድሜ ነው የሰማሁት። እማዬ ፈራሁ። ለእኔ ትዳር ብቻ ብዬ አይደለም ይህን የምጽፈው። አባዬን ቀስቅሺው። እሱ ጉልበቱ ደህና ነው። አላውቅበትም ካለሽ በ1998 ያጠበውን ብርድ ልብስ አስታውሺው፣ ያ ቀዩ አሁንም ቁም ሣጥንሽ ውስጥ አለ።

ከአንቺ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። መምከርሽን አታቁሚ። ግን ስልኩን ስሰጠው «በላህ ወይ?» ካልሽው በኋላ «ውሃውንስ ዛሬ ማን ቀዳ?» በይው። ካንቺ ከሰማ ይሰማል፤ እንደ እናቱ ነው የሚያይሽ፣ ታውቂያለሽ። ቤታችን ስትመጪ ደግሞ እሱ የያዘውን ነገር ከእጁ አትውሰጂበት። ቢያንጠባጥብም፣ ቢቆይበትም፣ ሳህኑ ላይ ሳሙና ቢቀርም ተይው። ልጅቷ አይታሽ ነው የምትማረው። ከኔ ይልቅ አንቺን ነው የምትመስለው፤ በዚህ ደስ ይለኛል፣ በዚህች አንዷ ብቻ ነው የምፈራው።

ማክሰኞ ሌሊት ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አወራን። የልጅቷን ነገር ስነግረው ሳቁ ጠፋ። «እኔኮ ጨዋታ መስሎኝ ነው» አለ። ረቡዕ ሌሊት ውሃ ሲመጣ የተነሣው እሱ ነው። ሁለት ጀሪካን ሞልቶ በርሜሉን ረስቶት ተኛ፣ ግን ተነሣ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ነይ፣ አባዬንም ይዘሽው። ሽሮውን የሚሠራው ባለቤቴ ነው፤ አሁንም ውሃ ያበዛል። ያችን ዝቅተኛ በርጩማ ከጥላው ሥር አወጣልሻለሁ፣ ሕፃኑን ትይዥልኛለሽ። እንጀራውን ሐሙስ ጋግሬዋለሁ። ለጉልበትሽ የሚቀባውን መድኃኒት ገዝቻለሁ፣ ያኔ ትወስጂዋለሽ።

የምትወድሽ ልጅሽ