ስለ አርበኞች ዘመን መሸሸጊያዎች

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ አርበኞች ዘመን የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ በውጊያው ላይ ሲያተኩር፣ ተዋጊው ቤተሰቡንና እህሉን ይሸሽግባቸው የነበሩት ዋሻዎች እምብዛም አይነሡም። በእኔ እምነት ግን እነዚህ ሥፍራዎች ከጦር ሜዳው ያነሰ ቦታ ሊሰጣቸው አይገባም፤ ልጆቹንና ሽማግሌዎቹን የሚያስጠልልበት ያጣ አርበኛ በዱር በገደሉ ብዙ ሊቆይ አይችልም ነበርና።

በሰሜን ሸዋ፣ ዘረት አካባቢ የሚገኘው አመፀኛ ዋሻ ለዚህ ማስረጃ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ዋሻውን ከብቦ የሰናፍጭ ጋዝ ሲጠቀም፣ ውስጥ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ቁስለኞች ነበሩ፤ እጃቸውን የሰጡ ወንዶችም ተረሽነዋል። መሸሸጊያ የሚያገለግለው ምሥጢሩ እስከተጠበቀ ድረስ ብቻ ነው፤ አንዴ ከታወቀ በኋላ፣ ከጠላት ዓይን ይጋርድ የነበረው ያው የድንጋይ ግድግዳ መውጫ ያሳጣል። በ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነት የብራና መጻሕፍት ተወስደው የተሸሸጉባቸውን የዝዋይ ደሴቶች ቢያንስ ውኃው ይከልላቸው ነበር። (ደሴቶቹን ዛሬ ጎብኚው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ አብዛኞቹን ዋሻዎች ግን ከአካባቢው እረኛ በቀር የሚያውቃቸው የለም።)

በአመፀኛ ዋሻ የሰው አጽምና የሸክላ ዕቃ ስብርባሪ ዛሬም ድረስ ቀርቷል። ስለዚህ የሚመለከታቸው የባህልና የቅርስ መሥሪያ ቤቶች፣ ከየወረዳው ሽማግሌዎች ጋር በመመካከር፣ ሌሎቹን መሸሸጊያዎች እንዲመዘግቡ፣ ጎብኚ ከመጋበዛቸውም በፊት ጠባቂ እንዲመድቡና አጽሞቹ በወግ የሚያርፉበትን መንገድ እንዲፈልጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከጋዜጣው አንባቢ