ለሕክምና ተማሪዎቻችን እድር ይቋቋምላቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር፣ የሕክምና ተማሪዎች በሚበዙበት ሰፈር ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ለእነዚህ ልጆች ስኮላርሺፕ ገንዘብ ይሰብሰብ ሲባል በየጊዜው እሰማለሁ። እኔም በዚሁ ነገር ሆዴ ውስጥ የቆየ ስላለ ነው የምጽፍላችሁ።

የተማሪ ኪስ ሲሳሳ እኔ ቶሎ አውቃለሁ። ገንዘብ ከቤት በመጣ ሰሞን ሃንድአውቱን ሰፋ አድርገው ያስወጣሉ። ትንሽ ቆይቶ «ሁለቱን ገጽ ባንድ አድርግልን» ይላሉ። ከዚያ አራት፣ አንዳንዴም ስድስት ስላይድ ባንድ ገጽ፣ ያውም ፊትና ጀርባ፤ ፊደሉ ከጤፍ ያንሳል። አምና አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ የደምቢያ ልጅ፣ የፈተና ወረቀቷን አስወጥታ ስትጨርስ ብሯ አልሞላም። ከቦርሳዋ ስቴቶስኮፗን አወጣችና ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ «እስከ ሰኞ መያዣ ይሁንልኝ ጋሼ» አለችኝ። ጎማው ተሰንጥቆ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል። «ነገ ዋርድ በምን ልትገቢ ነው?» ብላት፣ «ከጓደኛዬ ጋር እየተቀባበልን» አለች። ወረቀቱንም ስቴቶስኮፑንም ሰጥቼ ሸኘኋት። ያን ቀን ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

«መንግሥት ያስተምራቸው የለ፣ ምን ጎደለባቸው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ በወጪ መጋራት ውል ፈርመው ይማራሉ፣ ዶርምና ምግብም አለ። ግን ነጭ ጋዋኑ፣ ስቴቶስኮፑ፣ ኮፒው፣ ትራንስፖርቱ፣ ሳሙናው፣ የሴቶቹ ሞዴስ ከየት ይመጣል? ደግሞ ሕክምና ከሌላው ትምህርት ዓመቱ ይረዝማል። አብሯቸው የገባው የሰፈር ልጅ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ ለእናቱ ብር ሲልክ፣ እነሱ ገና ከአባታቸው በሬ መሸጫ ላይ ይጠብቃሉ። የሚከብደው መግቢያው ላይ አይደለም፣ መሃሉ ላይ ነው። እኛ ደግሞ የምናጨበጭበው ሲገቡና ሲመረቁ ብቻ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ ተገኝቼ ነበር። አዳራሹ ደምቆ፣ በማይክ ቃል ሲገባ፣ ጭብጨባው ሌላ ነበር። ከዚያ አንድ ተማሪ መድረክ ላይ ወጥቶ ድህነቱን እንዲናገር ተደረገ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ ጫማውን እያየ ነው የጨረሰው። እስካሁን ሳስበው ያመኛል። ቃል ከተገባው ውስጥ ስንቱ እንደገባ በኋላ ብጠይቅ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠኝ አላገኘሁም።

ስለዚህ የምለው እንዲህ ነው፦ እንደ እድር ይሁን። እድር ማንንም አያስለቅስም፣ ወር በገባ ቁጥር ይከፈላል፣ ያልከፈለ ይጠየቃል፣ ሒሳቡ በአባላቱ ፊት ይነበባል። መቶ ሰው በወር 200 ብር ቢያዋጣ 20,000 ብር ነው። ይሄ ለአሥር ልጆች በየወሩ 2,000 ብር ይሆናል፤ ብዙ ነው አልልም፣ ግን በሬው አይሸጥም። ገንዘቡ ያለሁለት ፊርማ አይውጣ። ልጆቹን የሚያውቋቸው መምህራኖቻቸው ይምረጡ፣ ስማቸው የትም አይለጠፍ። አንዴ የተያዘ ልጅ ደግሞ እስኪመረቅ ድረስ ይያዝ፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ጀምሮ አራተኛ ላይ መተው ካልረዱት ይብሳል።

ልጆቹ የሚማሩበት የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የዓለም ጤና ድርጅትም፣ ዩኒሴፍም፣ የአሜሪካ መንግሥትም እጃቸው ነበረበት። ኋላም የሐኪሞች ትምህርት ሲጀመር ከጀርመን ላይፕዚግ ድረስ መጥተው አስተምረዋል። የባዕድ ሰው ባቀናው ግቢ፣ ከዚያ የወጣው ጤና መኮንንና ሐኪም ስንቱን ገጠር አዳርሶ ስንታችንን አክሞ፣ እኛ ለልጆቹ የኮፒ ዋጋ ሲያቅተን ደስ አይልም።

እባካችሁ ይሄን ደብዳቤ ከጥምቀት በፊት አውጡልኝ። ያን ሰሞን ከአዲስ አበባም ከውጭም የሚመጣው ወገናችን ብዙ ነው፣ በዚያው እንነጋገርበት። እኔ በበኩሌ በወር 500 ብር እከፍላለሁ። ለተመረጡት ልጆች ኮፒውን በወረቀቱ ዋጋ ብቻ እሠራለሁ፣ ባንድ ገጽ አንድ እያደረግኩ።

አክባሪያችሁ፣
ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ
ጎንደር