ስንጥቁ ስለረዘመ ብቻ ነዳጁ አይጨምርም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሶማሌ ክልል ነዳጅ ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ አሪፍ ነው፣ ግን አለቱ በሃይድሮሊክ ፍራክቸሪንግ (በውሃ ግፊት አለት በመሰንጠቅ፣ ፍራኪንግ የሚባለው) ረጅም ርቀት ከተሰነጠቀ ምርቱም በዛው ልክ ይጨምራል ያላችሁት ልክ አይደለም፣ እዚህ ከዚራ ሻይ ቤት ሰው እሱን ይዞ ሲከራከር ሰምቼ ነው የምጽፍላችሁ። ሰኔ 2010 የድፍድፍ ነዳጅ ሙከራ ተጀመረ ከተባለ ወዲህ እኮ ድሬ ሁሉም የነዳጅ ኢንጂነር ሆኗል አቦ።

ፐርሚያቢሊቲው (ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙ) ዝቅተኛ የሆነ አለት ማለት ዘይቱ፣ ማለትም ድፍድፍ ነዳጁ፣ የሚያልፍበት ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነው ማለት ነው፣ ጉድጓድ ብቻ ቆፍረህ ብትጠብቅ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይመጣልህም። ስለዚህ ውሃ በከባድ ግፊት ተለቆ አለቱ ይሰነጠቃል፣ ተመልሶ እንዳይዘጋ ደግሞ አሸዋ ይሞላበታል (ከደቻቱ የምንጭነው የግንባታ አሸዋ እንዳይመስላችሁ፣ ክብ ክብ ያለ፣ ጭቃ የሌለው፣ ግፊት የማይፈጨው ኳርትዝ ነው የሚፈለገው)። በፈረንጆቹ 1947 ካንሳስ ላይ ተሞክሮ እስከዛሬ የሚሰራበት ነው፣ አዲስ ነገር የለውም።

ግን ስንጥቁ ራሱም የማሳለፍ አቅሙ ልክ አለው። የአሸዋውን ፐርሚያቢሊቲ በስንጥቁ ስፋት ታባዛለህ፣ ከዛ ለአለቱ ፐርሚያቢሊቲና ስንጥቁ ከጉድጓዱ በአንድ ወገን ላለው ርዝመት ብዜት ታካፍላለህ፣ አሸዋህ ውስን ከሆነ ጥሩ ውጤት የምታገኘው መልሱ 1.6 አካባቢ ሲሆን ነው። ስፋቱን 3 ሚሊሜትር፣ አሸዋውን 50 ሺ ሚሊዳርሲ (የፐርሚያቢሊቲ መለኪያ ነው) እናድርገው፣ አለቱ 10 ሚሊዳርሲ ከሆነ የሚበቃው የስንጥቅ ርዝመት 9 ሜትር ገደማ ነው፣ 1 ሚሊዳርሲ ከሆነ 94 ሜትር፣ 0.1 ከሆነ ግን ከ900 ሜትር በላይ ይልሃል። ስለዚህ ፐርሚያቢሊቲው በጣም ዝቅ ያለ አለት ላይ ርዝመት ይጠቅማል፣ እሱን አልካድኩም፣ ግን ያንን ሁሉ ርቀት የሚሞላ አሸዋ ከየት ይመጣል፣ ውሃውስ? አንድ አግድም ጉድጓድ ከ10 ሺ ሜትር ኩብ በላይ ውሃ መጨረሱ የተለመደ ነው፣ ጀሪካን ይዘን የምንሰለፍ ሰዎች ይሄ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ወጪ፣ እነሱ የሚጨምሩት ዘይት አያካክሰውም።

ከሁሉ የሚብሰው ጎረቤት ጉድጓድ ነው። እንዲህ ባለ የነዳጅ ሜዳ ብዙ ጊዜ ዘይቱን ለመግፋት በሌላ ጉድጓድ ውሃ ይጨመራል፣ ስንጥቁ ወደዛ አቅጣጫ ከረዘመ ውሃው አቋርጦ መጥቶ ዘይቱን ትቶት ይወጣል፣ ጉድጓዱም ውሃ አምራች ሆኖ ይቀራል። አቅጣጫውን ደግሞ አንተ አትመርጠውም፣ ስንጥቁ ከምድር ውስጥ ግፊት አነስተኛው ካለበት አቅጣጫ ጋር መስቀለኛ ሆኖ (90 ዲግሪ ተሻግሮ) ነው የሚረዝመው። ስለዚህ መጀመሪያ አቅጣጫው ታውቆ ጉድጓዶቹ ይደረደራሉ፣ ርዝመቱ የሚወሰነው በጉድጓዶቹ መሀል ባለው ርቀት ነው፣ በጉራ አይደለም። ወደ ላይና ወደ ታች ሄዶ ውሃ ያዘለ ንብርብር ቢበሳም ያው ነው።

እኔ እዚህ ፍራኪንግ ይሰራ አይሰራ አላልኩም። ባለሙያ ስታናግሩ ግን 200 ሜትር ሲላችሁ ከጉድጓዱ በአንድ ወገን ነው ወይስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ግማሹን ነው። የተሰነጠቀውን ነው ወይስ አሸዋ የያዘውን ብላችሁም ጨምሩ፣ አሸዋ ያልደረሰበት ግፊቱ ሲለቀቅ ይዘጋልና።

አንባቢያችሁ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ